ሼሁ ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩበት ምክንያት

ለውድ እህቴ ለሀዲያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይስ አሁንም ያመላልስሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ይህን ስጠይቅሽ ፊቴን የማዞርበት ጠፍቶኛል፤ እንቅልፍ የነሳሁሽ እኔው ነኝና። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደኅና ናት። ገበሬው ሩዙን እያስገባ ስለሆነ ሱቃችን ጆንያና ገመድ ፈላጊ አላጣም።

ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜ አይደለም። ስለማልሰማሽ ነው። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ባለቤቴ ሰሚያ ታውቃለች። ግራ ጆሮዬ ከተዘጋ ቆየ፤ ቀኙም ወደዚያው እየሄደ ነው። ውስጡ ወፍጮ ቤት ያለ ይመስል ያጓራል። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ፤ ካልገባኝ «እሺ» እላለሁ፤ ካልሆነም ሰሚያ በጣቷ ታመለክትልኛለች። ደንበኛው የኮራሁበት ይመስለዋል። እኔም ደንቆሮ ከምባል ኩሩ መባሉን መረጥኩ።

ከዚያ ደግሞ ማዞሩ መጣ። ስሰግድ ከሱጁድ ቀና ስል ቤቱ ይዞርብኛል። ይፋግ ገበያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ስሄድ ያዩኝ ሰዎች፣ ጠጥቷል ብለው ሲጠቃቀሱ በዓይኔ አየሁ። የአባታችን ልጅ በአረቄ ተጠረጠርኩ! ከዚያ ወዲህ መስጊድ መሄዱን ትቼ ቤት ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ፤ ለሚጠይቀኝም ወገቤን አሞኝ ነው እል ነበር።

አባታችን ከሞቱ ወዲህ ወሊሽ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ቃል የጋብቻሽ ኒካሕ አይታሰርም። ኒካሑ በተቀጠረበት ቀን እዚህም ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ከድሬዳዋ ስልኩ ሲጠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ እዚሁ አናግር አሉኝ። እኔ ግን አለመስማቴ እንዳይታወቅብኝ ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ኒካሑን የሚያስሩት ሼህ ሲናገሩ ጉርምርምታው ይደርሰኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። እንደ ሱቁ «እሺ» ልል አልኩና፣ ምን እንደተጠየቅሁ ሳላውቅ በአንቺ ጉዳይ እሺ ማለት አስፈራኝ። ይድገሙልኝ ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። እሳቸው ደጋገሙ፣ እኔ ዝም። ወዲያው አዞረኝና አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ፤ ስልኩንም ዘጋሁት። ስገባ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ሌላ ቀን እናደርገዋለን ብዬ እንግዶቹን አሰናበትኩ።

በእናንተ በኩል ግን ዝምታዬ እንቢታ ሆነ። የእጮኛሽ የሙጃሂድ ሽማግሌዎች የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ መነሳታቸውን፣ እሱም ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ናቀኝ ማለቱን የሰማሁት ከመልእክትሽ ነው። በሰው ፊት አዋረድከኝ ብለሽ ጽፈሽልኛል። እውነትሽን ነው። ሙጃሂድን ግን ወላሂ አልናቅሁትም፤ እሱን የመሰለ አማች ከየት አመጣለሁ?

ሰሚያ መልእክትሽን አየችና፣ ወይ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ወይ እኔው ለሀዲያ እነግራታለሁ አለችኝ። በሐሙሲት አድርገን ባሕር ዳር ገባን። የጆሮ ሕመም የሽማግሌ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወረፋው ላይ ግን ገና ያልዳኸ ሕፃን የታቀፈች እናት አለች፤ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ አለች፤ ከአንበሳሜ የመጡ አባ ተክለ ማርያም የሚባሉ ቄስ አሉ። እሳቸው ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ሁሉንም ሰማኋቸው። የንስሐ ልጆቻቸው ኃጢአታቸውን የሚናዘዙት እየጮኹ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው፤ በእኔ ጆሮ የተነሣ ሰው አይዋረድ ብዬ መጣሁ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

የመረመረችኝ አማከለች የምትባል ባለሙያ ናት። ጠባብ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችልኝና፣ ድምፅ ሲሰሙ ይህን ይጫኑ አለችኝ። እዚያም አጭበረበርኩ፣ ሀዲያ። በመስታወቱ እጇን እያየሁ፣ እጇ ሲንቀሳቀስ እጫን ነበር፤ በሐኪም ቤት እንኳ የሚሰማ ሰው ለመምሰል! ነቃችብኝ። ምንም ሳትናገር ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ውጤቱን ያየችው ሐኪም እንዳስረዳችን፣ ሰውን የሚያሰማውም ሳይንገዳገድ የሚያቆመውም ውስጠኛው ጆሮ ነው፤ የእኔ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በዝቶ ሁለቱንም አውኮብኛል። ጨው ቀንስ ተብዬ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ማዞሩ ቀለል ብሎልኛል። ግራው አይመለስም። ለቀኙ በሁለተኛው ቀጠሮ የመስሚያ መሣሪያ አደረጉልኝ። ማፈሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ወረታ መናኸሪያ ስንወርድ ኮፍያዬን ጆሮዬ ድረስ ሳብኩት።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አታንብቢው። ለሙጃሂድና ለሽማግሌዎቹ አንብቢላቸው፤ የምስክር ፊርማ ያለበት ስለሆነ ለሼሁም አሳዪያቸው። ደንቆሮ መሆኔን ይስሙ፤ እህቱን የከለከለ ከምባል ይህ ይሻለኛል።

እማ ዱዓዋ አልተለየሽም። ሰሚያ እህቴ ትልሻለች፤ ልጆቹም አክስታችን መቼ ትመጣለች እያሉ ይናፍቁሻል። አከራይሽን እትዬ ሸዋነሽን አክብሬ ሰላም ብዬአለሁ። ሙጃሂድን፣ ይቅር ካለኝ፣ እቀፊልኝ አልልም፤ ኒካሑ እስኪታሰር በቃል ሰላም በይልኝ።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ጀመዓው ሳይበተን፣ ኢማማችን ያን ቀን ሼሁ የጠየቁኝን ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሰዉ ይንጫጫ ስለነበር አልሰማኋቸውም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ። አዎ፣ እህቴን ሀዲያን በፈቃዷ ለሙጃሂድ ሰጥቻለሁ፤ ሼሁ በእኔ ፈንታ ኒካሑን ይሰሩላት አልኩ።

ወንድምሽ መሐመድሰዒድ
ምስክሮች፦ ኢማማችን እና ጎረቤታችን አብዱልአሊም
ወረታ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.