የወንድሜ መቀስ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ

ለፖሊስ መምሪያ የኃይል አጠቃቀም መመዝገቢያ ሶፍትዌር ክፍል፣
ለተከበሩት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በመሥሪያ ቤትዎ ለተደረደሩት አዳዲስ ኮምፒውተሮችም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጉንፋን እንኳ አይንካችሁ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ በማታ ትምህርት ሲሆን የሁለት ዓመቱን በሰባት ወር ስለጨረስኩ መምህራችን "ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉ፣ ሌሎቹም ይድረሱ" እስከማለት ደርሳለች። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት ነው።

ጉዳዬ የታናሽ ወንድሜ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ባልደረቦችዎ የእግረኛ መንገድ ሊያስለቅቁ መጥተው፣ በሱቁ ደጃፍ ያለውን አግዳሚ ወንበር እንዲያነሣ አዘዙት። "የያዝኩትን ሰው ልጨርስ" አላቸው፤ የሰውየው ግማሽ ራስ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ነበርና። ቀኝ እጁን አንጓው ላይ በዱላ መቱት፤ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ደንበኛውም ከነግማሽ ፀጉሩ ሮጦ ወጣ።

በማግስቱ ወንድሜን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። እሱ እንኳ "ተወው ፕሮፌሰር፣ ምን ልታመጣ ነው" ብሎኝ ነበር፤ ራሱ ፊደል ስላልቆጠረ ፕሮፌሰር እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን ፖሊስ ኃይል የተጠቀመበትን ሁሉ የሚመዘግብ ሶፍትዌር መምጣቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ማንም ሳያግዘኝ አንብቤ ነበርና አልሰማሁትም። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

1. "የደረሰ ጉዳት" በሚለው ሥር "የለም"፣ "ቀላል"፣ "መካከለኛ" እና "ከባድ" የሚሉ ምርጫዎች አሉ። "ከባድ" ከተጫነ አለቃ ካላጸደቀው አያልፍም፤ አለቃው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለት ቦታ የተሰበረው አጥንት መካከለኛ ተባለ። ሐኪሙ በጀሶ ያቃተውን በአንድ ጣት ስላቀለላችሁልን እግዜር ይስጥልን።

2. "ግለሰቡ ያሳየው ተቃውሞ" የሚለው ቦታ ባዶ ሲሆን ማሽኑ ቀይ አብርቶ አልቀጥልም ይላል። መዝጋቢው ፖሊስ መልካም ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶናል፤ ተጨነቀልን። "ወንድሜ፣ ምንም አላደረግክም ብዬ እንዳልጽፍ ምርጫው የለም። በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?" ሲለው ወንድሜ፣ መዋሸት ስለማይሆንለት፣ "መቀስ" አለ። መቀስ የሚል የለም። "ስለታማ መሣሪያ" የሚል ግን አለ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው ሲበራ ሦስታችንም እፎይ አልን። ክቡር ሆይ፣ እኔም እፎይ ማለቴን አልደብቅዎትም።

3. ፊርማ ተጠየቀ። የወንድሜ እጅ በጀሶ ስለታሰረ ቤተሰብ ይፈርምለት ተባለ። ዕድሜዬን ሙሉ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ የኖርኩ ሰው፣ ስሜን በማሽኑ መስታወት ላይ በጣቴ ከነአባቴ ጻፍኩት። መዝጋቢው "ከላይ ያለውን አንብበዋል?" ሲለኝ "እንዴታ" አልኩት። ሦስት መስመር አንብቤ ነበር። መስመሮቹ ዐሥራ አንድ ናቸው። ቅጂውን ቤት ወስጄ ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ ሳነበው፣ በቀሩት ስምንት ውስጥ ወንድሜ ስለታማ መሣሪያ ይዞ ፖሊስ ላይ መነሣቱን፣ ይህንንም በዓይኔ አይቼ ማረጋገጤን አገኘሁ። እኔ በዚያ ሰዓት ግንብ ላይ ነበርኩ።

4. በሳምንቱ ላስተካክል ተመለስኩ። መዝገቡን ማረም የሚችለው የመዘገበው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል። በሠላሳ ቀን ካልታረመ ይቆለፋል ተባልኩ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ስድስቱንም ጊዜ በትሕትና ተስተናግጃለሁ። ዛሬ ሠላሳ ሁለተኛው ቀን ነው።

5. የመቺዎቹ ስም የሚጻፍበት ቦታም አለ። እሱ ባዶ ቢሆንም ማሽኑ ቅር አይለውም።

ወንድሜ አሁን ተከሳሽ ነው። አንጓው እንደ ድሮው እንደማይታጠፍ ሐኪሙ ነግሮታል። በግራ እጁ መቁረጥ የሚለማመደው በእኔ ራስ ላይ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ቢያዩኝ ወዲያው ይለዩኛል። ሱቁን ግን ለሌላ አስተካካይ ሊለቅ ነው።

ክቡር ሆይ፣ መልስ አልጠይቅም። መልስ የሚሰጥበት ምርጫ በማሽኑ ላይ እንደሌለ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት፣ እንደ ወንድሜ ጉዳት፣ መካከለኛ መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣
በእርስዎ መዝገብ ሙሉ ስሙ የተቆለፈበት፣
የማታ ተማሪው ግንበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጥሪያው ትናንት ደረሰን። ለወንድሜ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የችሎቱን ቁጥር አነበብኩለት። "የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር" በሚለው ሥር የሰፈረውን የእኔን ስም ግን ሳላነብ አለፍኩ። "ሌላ ነገር የለውም?" ሲለኝ "ማኅተም ብቻ ነው" አልኩት። ማንበብ ያስተማረችኝ መምህሬ ናት፤ መዝለልን ግን የተማርኩት ከእናንተ ነው።