በጥምቀት ዕለት የለቀቀው ቀለም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም ውብነሽ፤ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ።

እንዴት ሰንብተሻል? እንዴትስ ከርመሻል? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ቀስፎ ይይዝሻል? ወንድሜ ክንዱስ ደህና ነው? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ዝናቡስ ጠብ አለላችሁ ወይስ እንዳኮረፈ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደህና ነው። አካሌ ያልኩሽ ዐውቄ ነው፤ ሌላው ደህና ስላልሆነ ነው ይሄን ደብዳቤ የምጽፍልሽ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል። ቢሠራም ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ እንደ ልማዴ ሌላ ሌላውን አውርቼ እንደምዘጋው ስለማውቅ፣ ሳልሸሽ የምናገርበት መንገድ ይሄ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

በየካቲት መጀመሪያ ጀሚል እዚህ መጥቶ ነበር። የንፋስ መውጫው ቆዳ ነጋዴ፣ ላንቺ የፍየል ቆዳ የሚያመጣልሽ ጀሚል። እኔ ከምሠራበት የቆዳ ዕቃ ማምረቻ በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን «ባለሙያውን ይርጋን ጥራልኝ» አለው። ዘበኛውም «ባለሙያ ይርጋ የሚባል እኛ ዘንድ የለም፤ ካርቶን የሚያሽገውን ይርጋን ከሆነ የምትፈልገው ከኋላ ታገኘዋለህ» ብሎ አስገባው። ጀሚል ሲደርስብኝ ቦርሳ የሞላ ካርቶን በጉልበቴ ደግፌ ፕላስተር እየጠቀለልኩበት ነበር። አየኝ፤ አየሁት። ከከረጢቱ አንድ ጥቁር የመጽሐፍ ማኅደር አውጥቶ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠልኝ። የታችኛው ጠርዙ ተላቆ እንደ አፍ ተከፍቷል።

አዎ እታለም። እኔ የቆዳ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። አዲስ አበባ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ አምስቱንም ዓመት ሥራዬ ሌሎች ሰፍተው የጨረሱትን ቦርሳና ቀበቶ ማሸግና መኪና ላይ መጫን ነው። መጀመሪያ ሥራ ስገባ እማማ በስልክ «ምን ሥራ ያዝክ?» ብትለኝ «ቆዳ ቤት ነው» አልኳት። ይሄ እውነት ነበር። በሳምንቱ ስደውል «ልጄ የአባቱን ሙያ ከተማ ላይ አሳደገው» እያለች ለጎረቤት ስታወራ ከጀርባ ሰማኋት፤ አላረምኳትም። ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው። ከዚያ በኋላ አንቺም «ባለሙያው» ስትይኝ፣ ክንዱም «ባለሙያው» ሲለኝ፣ ውሸቱ ልክ እንደ ስሜ ሆነብኝ።

አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወስፌ ሊያስይዘኝ ስንት ጊዜ እንደለመነኝ አንቺ ምስክር ነሽ። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ቆዳ ቆዳ ትላለህ» ስላሉኝ ዕቃው ካለበት ጓዳ አልገባም ብዬ እንቢ አልኩት። አንቺ ከስድስተኛ ክፍል ወጥተሽ ከጎኑ ተቀመጥሽ። የኔን ደብተርና ጫማ የገዛው ያንቺ ስፌት ነበር። እኔ በሸሸሁት ሙያ እዚህ ሆኜ ላንቺ አስተማሪ መሆኔ፣ አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም።

በጥቅምት የደወልሽልኝን አስታውሰዋለሁ። መርጌታ ይስማው ለቤተ ልሔም ደብር ካህናትና ደቀ መዛሙርት መጽሐፋቸውን አንግበው የሚሄዱባቸው አሥራ ሁለት ማኅደር እንዳዘዙሽ፣ ለጥምቀት መድረስ እንዳለበት ነገርሽኝ። ድምፅሽ ይስቅ ነበር። «ዕቃ ላክልኝ፣ እንዴት እንደማፋጥነውም ንገረኝ» አልሽኝ። ከምሠራበት ክፍል ግድግዳ ማዶ ዕድሜ ልካቸውን ቆዳ ሲቆርጡና ሲሰፉ የኖሩ ሰዎች አሉ። አንዳቸውንም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ የማላውቅ መሆኔ ይታወቅብኛል ብዬ። መርካቶ ወርጄ አንዱን ሻጭ ጥቁር ቀለምና ማስቲሽ ስጠኝ አልኩት። ሰውዬው በደግነት «ለምንድን ነው የምትፈልገው?» ሲለኝ «አንተ ብቻ ስጠኝ፣ ዐውቀዋለሁ» አልኩት። የሰጠኝ የጨርቅ ቀለም ነበር። ጥፋቱ የሰውዬው አይደለም።

ከዕቃው ጋር የላክሁልሽን ምክርም አልረሳሁትም። ጠፍር መፍተል ቀርቷል፣ ስፌት ጊዜ ይፈጃል፣ ታችኛውን በማስቲሽ ለጥፊና አፉን ብቻ ስፊው አልኩሽ። አንቺ «አባባ እኮ ታቹን ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰፋው» ስትይ «እታለም፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ ሥራው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ብለሽ የምልሽን አድርጊ» ብዬ ቆጣ አልኩብሽ። ቆጣ ማለቴ! ይቺ ቃል ናት እስካሁን እንጀራ ስቆርስ የምትመጣብኝ።

በጥምቀት ዕለት የሆነውን ጀሚል ቁጭ ብሎ ነገረኝ። እሱ በዓሉ ቦታ ባይሆንም ገበያው ሁሉ ሲያወራው ሰምቷል። ጠበሉ ሲረጭ ከማኅደሮቹ ጥቁር ውኃ እየወረደ የካህናቱን ነጭ ልብስ ከትከሻ እስከ ወገብ እንዳበላሸው፤ ሰው መጀመሪያ ሲስቅ ቆይቶ በኋላ እንደተቆጣ። የመርጌታ ማኅደር ታቹ ተላቆ ከመምህራቸው የወረሱት የብራና ዳዊት ጭቃው ላይ እንደወደቀ፤ ሦስት ቅጠል ላይ ፊደሉ እንደማይነበብ። አንቺ ሕዝቡ መሀል ገብተሽ ዳዊቱን በነጠላሽ ጠርገሽ እንዳነሳሽውና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የኔ እጅ ነው» እንዳልሽ ነገረኝ። አሥራ ሁለቱንም ሰብስበሽ ወደ ቤት ወሰድሻቸው። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ከገበያ ቦታሽ ጠፍተሻል አለኝ። ዛሬም አርብ ነው። ይሄን ስጽፍ ያ ቦታሽ ባዶውን ይታየኛል።

ስሜን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሽም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማኅደሩን ለጀሚል የሰጠሽው እኔን ልትወቅሺበት አለመሆኑ ነው። «ይርጋ አይቶ ምን እንዳጠፋሁ ይንገረኝ፤ ቀለሙን ስበጠብጥ ተሳስቼ ይሆናል» ብለሽ ነው የላክሽው። ጀሚል ይህችን ሲነግረኝ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ማንነቴን ለናንተ እንዳይናገር ልለምነው አፌን ስከፍት ቀደመኝና «እኔ አልናገርም፤ የራስህን ራስህ ጻፍ» ብሎኝ ሄደ። ይኸው ብዕሩን እስካነሳ ድረስ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን ስድስቱን ሳምንት በከንቱ አልተቀመጥኩም።

እዚህ ቆራጭ ሆና የምትሠራ ሀቢባ የምትባል ሴት አለች። ትልቅ ሰው ናት፤ ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም። ማኅደሩን ይዤ ሄድኩና በጥምቀት ዕለት የሆነውን ነገርኳት። አንድ ጥግ ቆርጣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ውኃው ወዲያው ቀለም ሆነ። «ይሄን ማን ሰጣት?» አለች። እኔ አልኳት። ከዚያ አፉ ላይ ያለውን ስፌትሽን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች «ይሄስ የማን እጅ ነው?» አለች። የእኅቴ ነው ስላት «እኔ ዘንድ ከተቀመጡት ውስጥ እንዲህ የሚሰፋ ሁለት ሰው አላገኝም» አለችኝ። እታለም፣ ይህን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልሽ። ያጠፋው እጅሽ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ እየተቀመጥኩ እማራለሁ። ጣቴ በወስፌ ተበሳስቷል። እስካሁን የሠራሁት አንዲት የሳንቲም ቦርሳ ብቻ ናት፤ አፏ ጠማማ ነው፤ ልኬልሻለሁ፣ ሳቂባት። አሁን የምጽፍልሽ ምክር ሀቢባ ያሳየችኝንና እኔም በእጄ ሞክሬ ያየሁትን ብቻ ነው። ያላየሁትን አልጻፍኩም።

ጀሚል ሰሞኑን ተመልሶ ስለመጣ በእጁ ዕቃ ልኬልሻለሁ፤ ቀለሙ የቆዳ ነው፤ ሆኖም እኔ ስላልኩሽ አትመኚው። ቁራጭ ቆዳ ላይ ቀቢና ሁለት ቀን በጥላ አድርቂው፤ ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ በደንብ እሺበት። ጨርቁ ከነጣ ቀጥዪ፤ ትንሽ እንኳ ከያዘ ቀለሙን ተዪውና ቆዳውን በራሱ መልክ ስፊው። ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሀቢባም ያልተቀባውን ትመርጣለች። ክሩ ወፍራም ነው፤ ሰም እያስነካሽ ብትጎትቺው ውኃ አይገባበትም፤ ሰሙ እዚያው ማር ከሚያነጥሩት ዘንድ ስለማይጠፋ አልላክሁም። ማስቲሹ ትንሽ ነው። ገበሩ ሳይሰፋ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ብቻ እንጂ ክብደት ለሚሸከም ቦታ አይሆንም። ታቹን እንደ አባባ ሁለት ጊዜ ስፊው። ሁለት ወስፌ፣ ክብ ቀዳዳ የሚያወጣ መብሻና የናስ ዘለበቶችም አሉበት። ቆዳ ከጀሚል ስትወስጂ ብርሃን ላይ ዘርግተሽ ተመልከቺ፤ ቢላዋ የነካው ቦታ ያኔ ይታያል። የጀርባው ወፍራም ስለሆነ ለታች፣ የሆዱ ስስ ስለሆነ ለክዳን ይሁን። መቼም ይሄን ላንቺ መጻፌ ያሳፍራል፤ ከኔ በፊት ታውቂዋለሽ።

ስለ ሽያጩም አንድ ሁለት ነገር ልበልሽ። ለአርብ ገበያ ቀበቶ፣ የስልክ ማኖሪያና ትንንሽ ቦርሳ አዘጋጂ፤ ገበሬው ቆሞ ዳብሶ የሚገዛው እሱን ነው። ማኅደር ግን በትዕዛዝ ብቻ ይሁን፤ የማትደርሺበትን ቀን ማንም ቢለምንሽ እሺ አትበዪ። አንዱን ዕቃ ውስጡን ገልብጠሽ ፊት ለፊት ስቀዪው፤ ሰው ስፌቱን ከውስጥ ካየ ዋጋ አይከራከርሽም። ንፋስ መውጫ ላይም ጀሚል ከሱቁ አንድ መደርደሪያ ሊሰጥሽ ፈቅዷል፤ መንገደኛ ይበዛበታል። ይሄን ሁሉ የምልሽ ወደ ገበያ ተመልሰሽ እንደምትቀመጪ ተስፋ አድርጌ ነው። አልቀመጥም ካልሽም አልፈርድብሽም።

ከዚህ ጋር ሌላ ደብዳቤ ለመርጌታ ይስማው ጽፌያለሁ። ቀለሙንም ማስቲሹንም የላክሁት እኔ መሆኔን፣ አንቺ እንዳልተስማማሽበትና እኔ ተቆጥቼ እንዳስደረግሁሽ፣ ባለሙያም እንዳልሆንኩ ዘርዝሬ ነግሬያቸዋለሁ። ጀሚል በቀጥታ ለራሳቸው እንዲሰጣቸው አደራ ብዬዋለሁ። ባንቺ እጅ ያልላክሁት ልትደብቂልኝ እንደምትችይ ስለማውቅ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት እንዲያነቡት ለምኛቸዋለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ለፋሲካ እመጣለሁ፤ አሥራ ሁለቱን ማኅደር አንቺ እያዘዝሽኝ አብረን ፈትተን እንሰፋቸዋለን። እነዚያን ሦስት የብራና ቅጠሎች ግን እንዴት እንደምክሳቸው አላውቅም። መርጌታ በእርጅናቸው ያንን ገጽ በቃላቸው እየደገሙ ሲያልፉት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ላጣድፍሽ አልፈልግም። በራስሽ ጊዜ ይሁን። መልስሽን በጀሚል ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን በእጅሽ ጻፊው።

ወንድሜን ክንዱን እጅግ አድርገሽ ሰላም በዪልኝ፤ ባንቺ ምክንያት ከሰው ጋር ተቀያይሞ ከሆነ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ንገሪው። ልጅሽን የኔነሽን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ አማረችንና የቤት ሰዎቿን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። እማማ አመለወርቅን ጉልበቷን ሳሚልኝና አጠገቧ ተቀምጠሽ ይሄን ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቢላት። የካርቶኑ ነገር ላይ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው፤ ልጇ ምን እየሠራ እንደሚበላ ከልጇ ቃል ትስማ።

ወንድምሽ ይርጋ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.