ከጥጉ የምትታጠፍ ሴት

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፤ ዝናቡ አባርቶ መስኮቱ ገና ሳይደርቅ

ቁልፌ፣ የኔ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ አልሞቅ ያለሽ ክፍልስ? ከላይሽ ያለው ሰውዬ ወንበር መጎተቱን ተወ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። አሁን ጋደም ብላለች። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ስናወራ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ቃል ስለምታርምብኝ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ ግን የሚያርመኝ የለም። ፊደሎቹ ትልልቅ ሆነው ስታያቸው አትሳቂ፤ በወፍራም ማርከር ነው የምጽፈው። ወረቀቱን ታውቂዋለሽ፤ ሱቁን ስዘጋ የተረፈኝ፣ የልብስ ልክ የማወጣበት ቡናማው ጥቅል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብጽፍበት የሚያልቅ አይመስለኝም።

ባለፈው የላክሽውን መልእክት እናትሽ ደጋግማ አነበበችልኝ። እኔ ስዕሌን ልታደንቂ መስሎኝ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። አንቺ ግን «አባዬ፣ የኩባያው እጀታ ከኩባያው ጋር አልተገናኘም፣ ወንበሩም ከጠረጴዛው በልጧል፣ ዓይንህን ምን ነካው?» ብለሽ ጽፈሻል። የቤት ፕላን ስትስዪ እየዋልሽ የሰው ስህተት የምታልፊው ነገር አይደለም፣ አልፈርድብሽም። ከዚያ ለእናትሽ ደወልሽ፣ እሷ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ ሐኪሟም የዓይን ሞራ ነው፣ በኦፕራሲዮን ይነሳል አለች። ቀጠሮ ተያዘ። እኔ ቀጠሮውን አሳለፍኩት። መጀመሪያ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ሌላ ቀጠሮ ሲያዝ ደግሞ የደንበኛ ሱሪ አለብኝ አልኩ። እናትሽ የማን ሱሪ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ማሳል ጀመርኩ፤ የስፌት መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜ ካስቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ስለዚህ «ለምን አልሄድክም?» ላልሽው መልሱን ዛሬ እጽፍልሻለሁ፣ እውነተኛውን።

በመጀመሪያ ግን አንቺም እዚያ እኔም እዚህ በየጠዋቱ እንድንስል የገባነውን ቃል እንዳላፈረስኩ እወቂልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ ሻዬን ቀድቼ ከፊቴ አስቀምጣለሁ። እስኪቀዘቅዝ እስላለሁ። ማጥፋት የለም፣ መቅደድ የለም፣ ማፈርም የለም። ሻዩ ሲቀዘቅዝ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ፣ ያለቀም ያላለቀም ይሁን። አንዳንድ ቀን የሚወጣው ነገር ለሰው አይታይም፣ ግን እጄ ሥራውን ሠርቷልና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። እናትሽ «ሻይ የሚቀዳው ለመጠጣት ነው ወይስ ለማቀዝቀዝ?» ትለኛለች። አንዳንዴ እሷው ትጠጣብኝና ቀኑ ሳይሳል ይቀራል።

እዚያ መሥሪያ ቤትሽ ስዕል የት ጀመርሽ ብለው ሲጠይቁሽ ምን እንደምትመልሺ አላውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ፣ አንቺ አገጭሽን ጠርዙ ላይ አሳርፈሽ፣ እኔ ባለቀ ሳሙና ስባሪ ዶሮ እስልልሽ ነበር። ከዚያ አውቶቡስ። ከዚያ ዶሮዋን አውቶቡሱ ላይ እንዳሳፍራት ታዢኛለሽ። ስትጠግቢ በእጄ መዳፍ እጠርገውና ኮቱን እቆርጣለሁ። ስንቱ ሰው ዶሮ የተሳለችበትን ኮት ለብሶ ሠርግ ሄዷል፣ ምንም አያውቅም። የሸሚዙን ቁልፍ የዋጥሽውም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው። ቁልፌ ብዬ የጠራሁሽ ያን ቀን ሲሆን፣ ባለ ሸሚዙ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል።

አሁን ኩባያና ወንበሩን በእርሳስ፣ በዚህ ቡናማ ወረቀት ላይ እስላለሁ፤ እናትሽ በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልሽ እነዚያን ነው። የላክሽልኝን ታብሌት ግን በመስኮቱ ለማየው ለይቼዋለሁ። ብርሃኑ ከውስጥ ስለሚወጣ መስመሩ ይታየኛል፣ በጣቴም ላወፍረው እችላለሁ። በእሱ የሳልኩትን ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ለአንቺም።

ዓይኔ ጨለማ እንዳይመስልሽ። ጨለማ አይደለም፣ ነጭ ነው። የካውያ እንፋሎት የነካው መስታወት ታስታውሺያለሽ? እንደዚያ ነው፣ ግን አይጠረግም። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ማዶ ያለው የውኃ ታንከር እግር የለውም፣ አየር ላይ ነው ያለው። የተሰጣው አንሶላ ከገመዱ ተለይቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። የመንገዱ መብራት ሳይጠፋ ከቀረ ዙሪያውን ቀለበት ያወጣል፣ ቀለበቱም ሌላ ቀለበት ያወጣል። የእናትሽ ፊት መጨማደድ ትቷል። ይህን ስነግራት ተቆጣችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ምን ነበር ያልከው?» አለችኝ። ልዋሽሽ አልችልም፣ ወድጄዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ሳይ ለኖርኩ ሰው፣ ዓለም ጠርዟን ስትለቅ ማየት ዕረፍት ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ዳቦ ቤቱ ያለበትን ጥግ ታውቂዋለሽ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምትታጠፊበትን። ጠዋት አንዲት ሴት እዚያ ጋ ትታጠፋለች። ፊት የላትም፣ ቀለሟም አይለይም። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ አለ፣ እግሯ ይቸኩላል። ከዳቦ ቤቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ ምልክት ድረስ አንቺ ነሽ። አልጃጀሁም፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ልቤን አያስቆመውም፤ ሁልጊዜ ዘሎ ይነሳል። እኔም እጄ እንዳደረሰኝ እስላታለሁ፦ አንገቷን፣ ቦርሳውን፣ የቀሚሷን ጫፍ። ምልክቱ ጋ ስትደርስ የሰፈራችን ነርስ ትሆናለች፣ ወይም የጎረቤታችን ምራት፣ ወይም የማላውቃት ሰው። ብዕሬን አስቀምጬ ቀዝቃዛውን ሻይ እጠጣለሁ። ይከፋኛል፣ ግን በማግስቱ ሌላ ሴት ትታጠፋለች።

እንግዲህ ሐኪሟ ሞራውን ስታነሳልኝ፣ እኔ እንደማስበው፣ አንቺን ነው የምታነሳብኝ። ጥርት ባለ ዓይን ገና ከጥጉ ስትታጠፍ ነርሷ ነርስ ናት። ያልሄድኩት ለዚህ ነው። ቢላዋውንም ፈርቼ ነበር፣ አልክድም፣ ግን የቢላዋውን ፍርሃት በጉንፋን ማሳበብ ይቻላል፤ ይህኛውን በምን ልበል?

ሰሞኑን ታብሌቱ አልንቀሳቀስ አለ። መስመር ስስል መስመሩ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። ወደ ስልክ ጠጋኟ ወሰድነው፣ ያቺ ብሎን የምንላትን፣ አጭሯን። «ወሰድነው» ያልኩሽ እናትሽ መንገድ ለብቻዬ አታሻግረኝምና ነው። ብሎን ከፈተችው፣ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀችና እንደገና አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ነው እንዴ የሳሉት?»

«ስንት ገጽ ላይ ልሳለው ታዲያ?» አልኳት።

ጥፋቱ የእሷ ነው። መጀመሪያ ስታስተምረኝ «ይህን ሲነኩት በስዕሉ ላይ ስስ ወረቀት እንደማንጠፍ ነው፣ የታችኛውን መደበቅም ይችላሉ» ብላኛለች። ይህን ለልብስ ሰፊ ትናገሪዋለሽ? በአሮጌ ልክ ላይ ስስ ወረቀት አንጥፌ አዲሱን ሳወጣ ነው ያረጀሁት። ጠዋት ጠዋት በትናንቷ ሴት ላይ አንድ ወረቀት አነጥፋለሁ፣ ትናንትናን እደብቃለሁ፣ የዛሬዋን እስላለሁ። አዲስ ገጽ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ? ብሎን እየሳቀች «እንዴት ተሸክሞት እንደቆየ ነው የገረመኝ» አለችና የተደበቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፈተችው።

እኔ ነጭ ላይ ግራጫ ነገር ነው የታየኝ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ተለየልኝ። የዳቦ ቤቱ ግድግዳና የመብራቱ ምሰሶ ጠዋት ጠዋት እዚያው ቦታ ስለተሳሉ ጠቁረው፣ ወፍረው ቆመዋል። በመካከላቸው ሴቶቹ አሉ፤ አንዷ በአንዷ ላይ፣ አንዷ በሌላዋ ውስጥ፣ ስንት እግር፣ ስንት ቦርሳ። ግን የሁሉም አንገት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል፣ የሁሉም ግራ ትከሻ ከፍ ብሏል። እንዲያ ብዬ ልሳላቸው አላሰብኩም። ነርሷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ጠይቂ።

እናትሽ ታብሌቱን ከብሎን እጅ ወሰደችው። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። 

«ልጄ ናት» አለች።

ብሎን ጎንበስ ብላ «የትኛዋ፣ እማማ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሁሉም» አለች እናትሽ።

ወደ ቤት ተመለስን። ክንዴን ይዛኝ ነበር፣ ግን አያያዟ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ዳቦ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ።»

«ጠዋት ጠዋት እዚህ የምትታጠፈው ሁሉ እሷ ናት አይደል? ምልክቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሁሉም ሌላ ሰው ትሆናለች።»

«ማን ነገረሽ?»

«አብሬህ ነው የምኖረው። ሻዩን ስትጠጣ ፊትህን አየዋለሁ። እና ልጄ እውነት የመጣች ቀንስ? እሷንም ስለህ ትጨርስና፣ ዛሬም ነርሷ ናት ብለህ ሻይህን ትጠጣለህ? ከመስኮታችን ሥር ቆማ ስታይህ?»

  ሰው ሲያልፍ እያሳለፍን እዚያው ቆመን ቀረን፣ አንዲት ሴት እንዲያውም በመካከላችን ይቅርታ ብላ አለፈች። ቀና ብዬ አላየኋትም። ያን ያህል ጠዋት አንቺን ስጠብቅ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አንቺን ሌላ ሰው ናት ብዬ መሸኘት ነው የተማርኩት። አለቀስኩ፣ እዚያው መንገድ ላይ። እናትሽ መሐረቧን አውጥታ «ተናፈጥ» አለችኝ።

ሐሙስ ለኦፕራሲዮን እገባለሁ። መጀመሪያ ቀኙ ነው፣ ሲያገግም ግራው ይከተላል። በማግስቱ ፋሻው ይነሳል ብላለች ሐኪሟ። እፈራለሁ፣ ቁልፌ። ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም፣ እሷም መፍራቷን አልነገረችኝም፣ ሁለታችንም ከትናንት ጀምሮ ቤት እያጸዳን ነው።

ዛሬ ማታ ብሎን መጥታ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ስለዚህ አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ሻይሽን ስትቀጂ ኩባያ አትሳዪ፣ የመስኮቱን ባዶ ሰማይም አትሳዪ፤ ሰሞኑን ሰማይ ብቻ ነው የምትልኪልኝ፣ ልብ ያላልኩ እንዳይመስልሽ። መስታወት ፊት ተቀምጠሽ ራስሽን ሳዪልኝ። በእርሳስም ይሁን፣ በስልክሽ ላይ በጣትሽም ይሁን፣ እስኪቀዘቅዝ ብቻ። አታሳምሪው። ሽበት ካለ ሽበቱን ሳዪ። ከሥራ ስትመለሺ የሚደክምሽን ፊት ሳዪ። ቦርሳሽን አሁን በየትኛው ትከሻ እንደምትይዢም አሳዪኝ። እኔ የማውቃት የሄደችውን ልጅ ነው። የምትመጣዋን አላውቃትም፣ ሳላውቃት እንዳታልፈኝ። እናትሽ ፋሻው በተነሳ ሰዓት ስዕልሽን ይዛ ከፊቴ ትቆማለች፣ ተስማምተናል። ከእሷ መጨማደድ በፊት አንቺን ላይ ነው፣ እሱንም ተስማምታለች።

ብሎን አዲስ ገጽ መክፈት አስተምራኛለች። አሮጌውን ላጥፋው ወይ ስትለኝ ተይው አልኳት። እነዚያ ሴቶች ምን በደሉኝ፤ ልጄን ይዘውልኝ ነው የከረሙት።

መቼ ትመጫለሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። ሥራሽ እንዴት እንደሆነ፣ ፈቃድ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደጋግመሽ ነግረሽናል፣ ገብቶናል። መስኮቱ ግን እንደተከፈተ ነው።

እናትሽ ነቃች መሰለኝ፣ አልጋው ሲጢጥ አለ። ማርከሩን ከመደበቄ በፊት ልመርቅሽ። እጅሽ አይዛልብሽ፣ የያዝሽው መስመር ይቅናልሽ። የምትኖሪበት ክፍል ይሙቅልሽ። ብቻሽን በምትቀመጪበት ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ ኩባያ የሚያስቀምጥ ሰው አይጥፋ። ያሳደገሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም።

የመጣሽ ቀን ደግሞ ከጥጉ ስትታጠፊ አትጥሪኝ፣ እጅሽንም አታውለብልቢልኝ። ዝም ብለሽ ነይ። እኔው ልወቅሽ።

አባትሽ