ፕሮክሲው አልቀበልም ያላቸው አናጢ

ለተከበሩ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ፣ በተለይም ባለፈው ወር ወደ አዲሱ ክፍል ላዘዋወሩት ሰርቨር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ምድር ቤት ያሉትን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለ ነጻ ሲስተም የሚሠሩ ስድስት ኮምፒውተሮች የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ። “ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ቅንብር በመንካት” በሚል የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለደረሰኝ፣ ጥፋቴን በዝርዝርና በአደባባይ ለማመን ይህን ጽፌያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ስድስቱም ኮምፒውተሮች “ፕሮክሲው ግንኙነቱን አልቀበልም ብሏል” የሚል ጽሑፍ ይዘው ጠበቁኝ። ፕሮክሲ ማለት፣ ይህን ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ለማስረዳት ያህል፣ ከእኛ ቤት ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ሁሉ የሚያልፍበት በር ሲሆን፣ የበሩ አዛዥም እርስዎ ነዎት። የዚያን ዕለት የመጀመሪያው እንግዳዬ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው አንድ አዛውንት አናጢ ነበሩ። ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ተራ የሚያስይዘው በድረ ገጽ ብቻ ነው፤ ምዝገባው ረቡዕ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ የሚቀጥለው ዙር ከስምንት ወር በኋላ ነው። “ልጄ፣ እስከዚያ መጋዙ እንጨቱንና ጣቴን የሚለይልኝ አይመስለኝም” አሉኝ እየሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስደውል ባለሙያዎ “አጥፍተሽ አብሪው” ሲል ስለለገሰኝ ፈጣን ምክር አመሰግናለሁ። አጠፋሁ፤ አበራሁ። ማክሰኞም ደወልኩ፤ ያው ምክር ከነማዛጋቱ ሳይለወጥ ጠበቀኝ። ወጥ አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የአቤቱታ ቅጹ በክፍልዎ ድረ ገጽ ላይ ብቻ እንዲገኝ፣ ድረ ገጹም በፕሮክሲው በኩል ብቻ እንዲከፈት በማድረግዎ ጥበብዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አቤት ማለት የሚችለው ምንም ያልቸገረው ሰው ብቻ ነውና፣ ክፍልዎ ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም መባሉ ለካ እውነት ኖሯል።

ሦስተኛ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ፎቅ ወጥቼ በአካል ስቀርብ፣ ባለሙያዎ ከሻዩ ቀና ሳይል “ሊኑክስ እኛን አይመለከትም” ብሎ ስላሰናበተኝ ባለውለታው ነኝ። ስወጣ ነው በቢሮዎ በር ላይ፣ ያውም በውስጠኛው ገጽ፣ “ከቅዳሜ ጀምሮ የፕሮክሲው አድራሻ ተለውጧል” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ያየሁት። ከውጭ ያለነው እንዳንደነግጥ ታስቦ መሆን አለበት።

ከሥሩ የሰፈረውን አዲሱን የአድራሻ ቁጥር መዳፌ ላይ ጽፌ ቁልቁል ሮጥኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ወንጀል ነው። በኮምፒውተሩ ሲስተም የኔትወርክ ቅንብር አዲሱን አድራሻ አስገባሁ። ተርሚናል የሚባለውን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት እንደ አዲስ ከፍቼ ስሞክር የሆስፒታሉ ገጽ ምላሽ ሰጠኝ፤ ድረ ገጽ የሚያሳየው ብሮውዘር ግን ወይ ፍንክች! አናጢው አጠገቤ ተቀምጠው በየደቂቃው “ስንት ሰዓት ሆነ?” ይሉኛል። አምስት ሰዓት ተኩል አለፈ፤ እጄ በላብ ርሶ ቁጥሩ መጥፋት ጀመረ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ብሮውዘሩ ብቻ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ ከራሱ ነው ብዬ የራሱን የግንኙነት ቅንብር ብከፍት፣ የድሮው አድራሻ በእጅ ተጽፎበት ቁጭ ብሏል። “የሲስተሙን ቅንብር ተጠቀም” የሚለውን መረጥኩ። ገጹ ተከፈተ።

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ሞላሁ። ለስድስት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር “ተመዝግበዋል” የሚል ጽሑፍ ወጣ። “ምን ይላል?” አሉኝ። “ተራ ይዘዋል ይላል፣ አባባ” አልኳቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው “ይህ ነገር ይነቃነቃል፤ ዓይኔ ሲድን አስተካክለዋለሁ” ብለው ወጡ።

ባለፈው ሳምንት አንደኛው ዓይናቸው ተከፍቶላቸው፣ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ፊቴን ትኩር ብለው አይተው “ለካ እኩያዬ ነሽ! ልጄ ያልኩሽ እኮ በድምፅሽ ነው” አሉኝ። ባለሙያዎችዎ ፈጥነው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልሰማሁ ነበር ብዬ ላማርር አሰብኩና፣ ጠረጴዛው አሁን ስለማይነቃነቅ ተውኩት።

ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ለስድስቱም ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ ጥፋተኛ ነኝ። ቅጣቱ ሲወሰን በአካል ቀርቤ ለመስማት፣ ፎቁንም እንደገና ለመውጣት ዝግጁ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

ማስጠንቀቂያዎን በክብር ዶሴ ውስጥ ያኖረች፣
ታዛዥዎ የምድር ቤቷ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ትናንት በምሳ ሰዓት ጸሐፊዎ ወደ እኔ ወርዳ፣ አንድ ትልቅ ሰው ብሮውዘራቸው ከወር በላይ እምቢ እንዳላቸውና ለራሳቸው ባለሙያዎች መናገር እንዳፈሩ በሹክሹክታ ነግራኝ ነበር። መፍትሔውን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ይህን ደብዳቤ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ከቢሮዎ ሆነው እያነበቡት ከሆነ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ሠርቷል ማለት ነው።