በግራዋ የምታጎርሰው እናት

ሰልዋዬ፣ አሰላሙ አለይኪ።

መጀመሪያ ካርዱን ገልብጪና ሴትየዋን እያት፤ ከዚያ ተመለሺ። አየሻት? እዚህ ፈረንሳይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው ያገኘኋት። የድሮ ገበሬ ናት። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ገንፎውን በማንኪያ ይዛ እፍ እፍ ትላለች። ጫማዋ የእንጨት ነው እንጂ አስተቃቀፏስ የኛ አገር የቦኬ ሴት ያስመስላታል።

እኔ ግን ዓይኔ እጇ ላይ ቀረ። በግራዋ! «እንዴት እናት በግራዋ ታጎርሳለች?» ብዬ ጠባቂዋን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ሠዓሊው መጀመሪያ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲቀርጻት በቀኟ ነበር አለችኝ፤ ወረቀት ላይ ሲታተም እንደ መስታወት ይገለበጣል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ በደሳ ገበያ ስትውል እናንተ ቤት የምንበላው ትዝ ይልሻል? እናትሽ አዴ ኩብራ፣ ወፍጮው ቀኝ እጃቸውን ከጎዳው ወዲህ፣ የማሽላውን ገንፎ በግራቸው ነበር የሚያጎርሱን። ጎረቤት ሲያጉረመርም «ቢስሚላህ»ን ሁለቴ ይሉታል፤ «አንዱ ለምግቡ፣ አንዱ ለእጄ።» እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ እስከ ዛሬ የለም።

ቦታው አለቀብኝ። ዓሊዩንና ልጆቹን ሰላም በይልኝ። አሁን ደግሞ አዴ ኩብራን የምታጎርሺው አንቺ መሆንሽን ሰማሁ። ግራ እጃቸውን ሳሚልኝ። ስታጎርሺያቸውም ሁለቴ ቢስሚላህ በይ፤ አንዱ የኔ ይሁን።

ሀኒፋ