ሳይነገር ያደረ መርዶ

ሐሙስ

ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ። ልጄ ትዕግሥት ካላየችኝ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። መጻፍም እችላለሁ። በመሠረተ ትምህርት የለመድኩት ነው፣ ፊደሌ ቢንጋደድም ይነበባል።

ዛሬ ጆሲ መጣ። የጎረቤቴ የመምህር ቻኮ ልጅ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነርስ። መምህር ቻኮ ህንድ ነው፣ የኬረላ ሰው። ድሮ ደሴ አሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አማርኛውን ከተማሪ ስለለመደ አንቱ ማለት አያውቅም። ጋሽ ደምሴ፣ አንተ፣ ይለኛል። እኔም አንተ እለዋለሁ። በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ኧርቪንግ ውስጥ ሰው አለኝ ካልኩ እሱ ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከጎኔ አልተነሳም።

ጆሲ በር ላይ ቆሞ፣ ትዕግሥት እየተረጎመችለት፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም ኬረላ ሞቱ አለ። አባቱ ልቡ ደካማ ነው፣ እንዴት ልንገረው አለኝ። እኔን መጠየቁ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ድሮ አገር ቤት በሰፈራችን መርዶ ነጋሪው እኔ ነበርኩ።

"በማታ አይነገርም። ብቻውን ሳለ አይነገርም" አልኩት። "ነገ ሲኒማ ቤት የምንሄድበትን ፊልም አይቶ ይደር። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናረዳዋለን።"

ቀብሩ በቪዲዮ ይተላለፋል አለ ጆሲ። ቀብር በስልክ? እጄን አወናጨፍኩ። እሺ አለ። ትልቅ ሰው ያከብራል።

ዓርብ

ይህን ፊልም መምህር ቻኮ ወር ሙሉ ሲያወራለት ከርሟል። በቋንቋው በማላያላም የተሠራ የጦርነት ፊልም ነው። የአገሩ ገበሬዎችና የጫካ ቀስተኞች በእንግሊዝ ላይ የተነሱበት ታሪክ። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ስለሆነ በጆሮዬ ይነግረኛል።

"ይኼ ግብር ሰብሳቢ ነው። ሌባ። ይኼ አለቃው ነው። ይኼም ሌባ።"

ከኋላ አንዲት ሴት ሽሽ አለችን። "አስተማሪ ነበርኩ፣ ልማድ ነው" አላት፣ በአማርኛ።

ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታናሹ ጫካ ገብቷል። ታላቁ ቤት ቀርቶ በድብቅ ሩዝ ይልክለታል። እንግሊዞች ታላቁን ይዘው ሰቀሉት። ታናሹ ወንዝ ማዶ ቆሞ ከሩቅ ያየዋል። ከዚህ በኋላ መምህር ቻኮ መተርጎሙን ተወ። እጄን ያዘኝ።

"ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ የነገረኝ ወንድሜ ነው። ነገ እደውልለታለሁ። አየሁት እለዋለሁ።"

እጄን ከእጁ ማውጣት አቃተኝ።

ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ጆሲ ስልኩን ይዞ አየኝ። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል። ቀብሩ ሊጀመር ነው ማለቱ ነው። አይሆንም ብዬ ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ። በማታ አይነገርም።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ሄድን። እኔ፣ ትዕግሥት፣ ጆሲ፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሽማግሌዎች። መምህር ቻኮ በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ ተመለከተን።

"እኔ ደሴ ኖሬአለሁ። ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ማን ነው?"

እንደ ደንቡ አረዳሁት። ተቀመጠ። አላለቀሰም። ጆሲን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀው። ጆሲ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አባቱ ወደ እኔ ዞረ።

"ቀብሩ አልቋል። ፊልሙን ስናይ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"በሩ እዚያ ነው፣ ደምሴ።"

ጋሽ አላለኝም።

እሁድ

ሦስቴ አንኳኳሁ። መብራቱ በርቷል። አልከፈተም።

ትዕግሥት ምሳ ላይ ተናገረችኝ። "አባዬ፣ እነሱ እኮ ቀብር ላይቭ ነው የሚያዩት። መሄድ ላልቻለ ሰው ቀብር መድረስ ማለት እሱ ነው። ሐሙስ ልነግርህ ስል ዝም ብለሽ ተርጉሚ አልከኝ። ሶ፣ ዝም አልኩ።"

እውነቷን ነው፣ ብያታለሁ። እኛ ዘንድ ቀብር ቢያልፍም ለቅሶው ይደረሳል። እነሱ ዘንድ ዋናው የሟችን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ነው። ይህን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። አዋቂ ነኝና።

ሰኞ

በሩ ፊት ለፊት ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። ነፋሱ ከባድ ነው። ሊያርፍ የሚወርደው አውሮፕላን በላዬ ያልፋል። ፖስታ የምታድለው ሴትዮ ኦኬ ነህ ወይ አለችኝ። ኦኬ ነኝ አልኳት።

ጆሲ ወጣ። አባቱ እሱንም አያናግረውም። የቀብሩ ቪዲዮ ተቀድቶ ተቀምጧል፣ ግን አባቱ አላየውም ብሏል።

ባለቤቴ ግትር ትለኝ ነበር። እስቲ ግትርነቴ ዛሬ እንኳ ይጥቀም።

ማክሰኞ

እንደገና ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተ።

"ትታመማለህ፣ ልጅህ እኔን ትከሳለች። ግባ።"

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ቀብሩን ከመጀመሪያው አየነው። እዚያ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ በጃንጥላ። የወንድሙ ፊት የእሱን ይመስላል፣ አፍንጫው በተለይ። ፊቱ በነጭ ጨርቅ ሊሸፈን ሲል ቄሱ ቆሙ። ሁሉም ቆመ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ማንም አይንቀሳቀስም።

"ምን እየጠበቁ ነው?" አልኩ።

"እኔን" አለ።

በስልኩ እስኪገባ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ሸፈኑት። ያኔ አለቀሰ። እሱ በእነሱ ልማድ ድምፅ ሳያሰማ፣ እኔ በእኛ ደረቴን እየመታሁ። አልገፋኝም። ስወጣ ነገ ና አላለኝም። "ጃኬትህን ቆልፍ" ብቻ አለኝ።

ትዕግሥት ሳትገባበት እኔው ራሴ የምከፍለው ዕዳ ይህ ነው። ለመምህር ቻኮ፣ እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት። ጆሲን ከአባቱ ማስታረቅ፣ ልጁ የታዘዘው እኔን ነው። ለሟች ሚስት መደወል፣ ወንድምየው ንቆ እንዳልቀረ በአፌ መንገር፣ መምህር ቻኮ ልተርጉምልህ ካለ። በዝናብ ያቆምኳቸው ሰዎች። የእነሱን እንዴት እንደምከፍል ገና አላወቅሁም።