ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

የዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ሽፋን ቀድሞ ታትሞ አልቋል፤ የእህቴ የልደት ቀን ሚያዝያ 3 ተብሎ መታተሙን ያየነው ዛሬ ጠዋት ነው። ትክክለኛው ሚያዝያ 13 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው። ስህተቱ የእኔ፣ የታናሽ እህታቸው ነው። እሳቸው ቢሆኑ ሳያርሙ አያልፉትምና ታርሞ ይነበብልኝ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1967 ዓ.ም. ለተጨማሪ ትምህርት ባሕር ማዶ ሲሄዱ፣ አውሮፕላኑ ይወድቃል ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሰላም ደረሱ።

በ1974 ዓ.ም. ተመልሰው በእርሾ ላይ ምርምር ጀመሩ። በሴል ውስጥ ጂኖች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቅጂው ተወስዶ ሥራ እንዲጀምር፣ ፕሮቲኖች በቡድን ተሰብስበው መጠቅለያውን ማላላት አለባቸው እያሉ ያስረዱኝ ነበር። እሳቸው የሚያጠኑት ቡድን ዘጠኝ ፕሮቲኖች አሉት።

በ1976 ዓ.ም. የላብራቶሪውን ማቀዝቀዣ ከሚጠግኑት ባለሙያ ጋር ተጋብተው አንዲት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ፣ “ማቀዝቀዣው ባይበላሽ ኖሮ ቀና ብላም አታየኝም ነበር” ይላሉ።

ከዘጠኙ ፕሮቲኖች አንዱ ሲጎድል ጂኑ ዝም እንደሚል በ1983 ዓ.ም. አሳተሙ። ተማሪዎቻቸው “እትዬ እርሾ” ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማቀዝቀዣውን ሲያጸዱ፣ ክዳኑ ላይ 61፣ ጎኑ ላይ 16 የተጻፈበት ብልቃጥ አገኙ። ቁጥር 16 እና ቁጥር 61 ብልቃጦች አብረው ተከፍተው ክዳናቸው ተለዋውጦ ነበር። አንዱ ፕሮቲን የጎደለው እርሾ ነው፣ ሌላው ምንም ያልጎደለው። ሲሠሩ ቁጥሩን የሚያነቡት ከክዳኑ ስለነበር፣ ያሳተሙት ውጤት ከየትኛው እንደተገኘ እርግጠኛ መሆን አቃታቸው።

“እትዬ፣ ማን አየሽ? ዝም በዪ፤ ያባርሩሻል” አልኳቸው።

“እኔ አየሁት እኮ” አሉኝ።

ማንም ሳይጠይቃቸው ውጤቱን ላሳተመው መጽሔት ጥርጣሬያቸውን ጻፉ፤ ሙከራውንም ከሥሩ ጀምረው አሥራ አራት ወር ደገሙት። እኔ በየቀኑ መባረራቸውን ስጠብቅ፣ ውጤቱ ያው ሆኖ ተገኘ። እፎይ አልን። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ የጎኑንና የክዳኑን ቁጥር ሳያመሳክሩ ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አላስገቡም፤ ማታም ላብራቶሪውን ቆልፈው፣ ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ተመልሰው እጀታውን ሳይስቡ ቤታቸው ገብተው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየቀኑ ይሄዱ ነበር። በእርሾ ያዩት ነገር በጡት አጥቢዎች ሴል ውስጥም እውነት መሆኑን ሳያዩ ማረፍ አልፈለጉም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። እየተሠቃዩ ይሞታሉ ብዬ ነበር፤ ተኝተው ሳሉ ነው የሄዱት። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሥጋቸው ያላወቀውን ዕረፍት አብዝቶ ይስጥልን።

ሆስፒታል በገቡበት ዋዜማ፣ ክንዳቸውን ደግፌ ላብራቶሪ ሄደን ነበር። የመጨረሻዋ ተማሪያቸው የአይጥ ሴሎችን ውጤት አሳየቻቸው፤ ያው ፕሮቲን ሲጎድል ጂኑ እዚያም ዝም ብሏል። እሳቸው መጀመሪያ ያዩት የብልቃጡን ጎን ነው። ከክዳኑ ጋር ይገጥማል። ሳቁና ቁልፉን ሰጧት። ወጣን። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እስኪመለሱ ጠበቅኩ። ተማሪዋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች፤ እትዬ ደረጃውን ወረዱ፤ ወደ እጀታው አልተመለሱም።